ዶክተር ኧርነስት ፕራይስና የዝሆኔ በሽታ

እንግሊዛዊው ሐኪም ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በሚያክሙበት ዘመን፣ ፊላሪያ የተባለው ትል በሌለባቸው ደጋማ ቦታዎች እግራቸው በዝሆኔ ያበጠ ብዙ ገበሬዎች መኖራቸው ትኩረታቸውን ሳበው። በሽታው የዘር ነው ተብሎ ስለሚታመን የታማሚው ቤተ ዘመድ ሳይቀር ለጋብቻ አይፈለግም ነበር።

ፕራይስ ከሕሙማን ብሽሽት የተወሰደውን የሊምፍ ዕጢ ሲመረምሩ ከአፈር የመጡ ጥቃቅን የማዕድን ብናኞች አገኙ። በሽታው የሚበዛውም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ፣ በባዶ እግር በሚሄዱ ሰዎች ዘንድ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው አፈር ላይ ከሚኖሩት የሚታመሙት ከፊሎቹ ብቻ ናቸው። ስለዚህም የቤተሰብን የትውልድ ሐረግ አጥንተው፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ለበሽታው የዘር ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል ጻፉ። በኋላም ፖዶኮኒዮሲስ ብለው ሰየሙት። እርሳቸው ካረፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ የታተመ የጂን ጥናት ግምታቸውን አጸናላቸው።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ትል የሚያመጣውም፣ አፈር የሚያመጣውም ዝሆኔ ስለሚገኝ፣ በአሶሳም ሆነ በጾሬ የተሰማራ የጤና ባለሙያ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። ሰው ከወላጆቹ የወረሰውን ሊለውጥ አይችልም፤ እግሩን ግን ታጥቦና ጫማ አድርጎ ከአፈሩ ሊጠብቅ ይችላል። ዘር ብቻውን ዕጣ ፈንታ አለመሆኑ የፕራይስ ድካም ፍሬ ነው።