የቀለበቱን ታሪክ ከጦር ምሽግ ይዞ የተመለሰው ጄ አር አር ቶልኪን

'ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ' የተባሉትን ሦስት ፊልሞች ያየ አማርኛ ተናጋሪ አንድ ቦታ ላይ ጆሮውን ማቆሙ አይቀርም። ነጭ ግንቦቿ ተራራ ተደግፈው የቆሙት፣ ዙፋኗ ለዘመናት ባዶ የኖረው አገር ስሟ ሲጠራ ጎንዶር ትባላለች። ለእኛ ጆሮ ጎንደር ነው። ግንብ አለ፤ የነገሥታት ወግ አለ፤ የቀረው አንድ ፊደል ብቻ ይመስላል።

ጥያቄው ለደራሲው ለራሱ ደርሶት ነበር። ሊሞት ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ በ1971 በጻፈው ደብዳቤ፣ የስሙ መነሻ ድንጋይ የሚል ትርጉም ያለው ቃል እንደሆነ አስረድቷል። ጎንዶር፣ እሱ ለኤልፎቹ በፈጠረው ቋንቋ፣ የድንጋይ አገር ማለት ነው። ከፋሲል ግንብ ጋር መመሳሰሉ እንግዲህ ግጥምጥሞሽ ነው። ይሁንና ይህን ሰው ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኝ ሌላ፣ ብዙም የማይነገር ክር አለ። ቆየት ብለን እንደርስበታለን።

ጆን ሮናልድ ርዌል ቶልኪን የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 3 ቀን 1892 በዛሬዋ ደቡብ አፍሪካ፣ ብሉምፎንቴይን ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ አርተር የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነበር። ሕፃኑ ገና መራመድ ሲጀምር በግቢው ሣር ውስጥ አንድ ትልቅ ሸረሪት ነደፈው፤ ሞግዚቱ መርዙን መጣ አወጣችለት። በሦስተኛው ፊልም ፍሮዶን በዋሻ ውስጥ የምታሳድደውን ሼሎብን ያዩ አድናቂዎች ይህን ታሪክ ይወዱታል። እሱ ግን የሚያስታውሰው የቀኑን ሙቀትና መሮጡን እንጂ ሸረሪቱን እንዳልሆነ ተናግሯል። እንዲያውም መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ የሚያገኛቸውን ሸረሪቶች ከመስጠም ያድን ነበር።

ሦስት ዓመት ሲሆነው እናቱ ሜብል እሱንና ታናሽ ወንድሙን ሂላሪን ይዛ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ እንግሊዝ ተጓዘች። አባትየው ሊከተላቸው አስቦ ነበር። አልሆነም፤ በ1896 መጀመሪያ እዚያው ብሉምፎንቴይን ታሞ ሞተ። ሜብል በበርሚንግሃም አቅራቢያ ሴርሆል በምትባል መንደር አነስተኛ ቤት ተከራየች። ወፍጮ፣ ወንዝና ዛፍ ያለባት ይህች መንደር ናት በፊልሞቹ መግቢያ የምናያትን ለምለሟን የሆቢቶች አገር፣ ሻየርን፣ የወለደችው። ሜብል ለልጇ ላቲን አስተማረችው፤ የዕፅዋትን ጠባይ አሳየችው፤ ሥዕልም አለማመደችው። በ1900 ወደ ካቶሊክ እምነት ስትገባ ዘመዶቿ ተቆጡ፤ የገንዘብ ድጋፍም ተቋረጠባት። በ1904 በስኳር በሽታ አረፈች። ኢንሱሊን ሊገኝ ገና 17 ዓመት ይቀረው ነበር። ቶልኪን የ12 ዓመት ልጅ ነበር።

አሳዳጊ የሆኑት አባ ፍራንሲስ ሞርጋን የተባሉ ካህን ናቸው። ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን ቆፍጣና። ወጣቱ በ16 ዓመቱ ከእሱ በሦስት ዓመት የምትበልጠውን፣ እንደ እሱ ወላጆቿን ያጣችውን ኢዲት ብራትን ሲወድ፣ 21 ዓመት እስኪሞላው እንዳያገኛትም እንዳይጽፍላትም ከለከሉት። ቃላቸውን አከበረ። 21 ዓመት በሞላበት ሌሊት ደብዳቤ ጻፈላት። እሷ ግን የረሳት መስሏት ለሌላ ሰው ታጭታ ነበር። ባቡር ተሳፍሮ ሄደ፤ ቀኑን አብረው ዋሉ፤ ቀለበቱን መለሰችው። ማርች 22 ቀን 1916 ተጋቡ። በጁን ወር ሙሽራው ወደ ፈረንሳይ ዘመተ።

በበርሚንግሃሙ ኪንግ ኤድዋርድስ ትምህርት ቤት ቶልኪንና ሦስት ጓደኞቹ የሻይ ክበብ ነበራቸው፤ ሮብ ጊልሰን፣ ጄፍሪ ስሚዝና ክሪስቶፈር ዋይዝማን። በቤተ መጻሕፍት ተደብቀው ሻይ ሲያፈሉ የተጀመረው ነገር እያደር ቁም ነገር ሆነ። አራቱም በጥበብ ለዓለም አንድ የሚያበረክቱት ነገር እንዳለ በጽኑ አመኑ። ጁላይ 1 ቀን 1916 በሶም ጦርነት የመጀመሪያ ዕለት ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ የብሪታንያ ወታደሮች ሲረግፉ ጊልሰን አንዱ ነበር። ቶልኪን በላንካሻየር ፉዚለርስ 11ኛ ሻለቃ የመገናኛ መኮንን ሆኖ እስከ መኸር በምሽጉ ቆየ፤ ከዚያም በቅማል በሚተላለፍ ትኩሳት ታሞ ወደ አገሩ ተመለሰ። በዲሴምበር ስሚዝ ከመድፍ ፍንጣሪ ባገኘው ቁስል ሞተ። ስሚዝ ቀደም ሲል ለቅኝት ሊወጣ ሲል በጻፈው ደብዳቤ፣ እሱ ቢሞት እንኳ ያለሙትን የሚናገር ሌላ ሰው ከመካከላቸው እንደሚተርፍ በማሰብ እንደሚጽናና ገልጾ ነበር። ቶልኪን በ1918 የሟች ጓደኛውን ግጥሞች ሰብስቦ ለኅትመት አበቃ።

ይህን ደብዳቤ ሳያውቁ ፊልሞቹን ማየትና አውቆ ማየት አንድ አይደለም። በሁለተኛው ፊልም ፍሮዶና ሳም ረግረጉን ሲያቋርጡ ከውሃው በታች የሙታን ፊቶች ዓይናቸውን ገልጠው ይታያሉ። ልጅ ሆኖ ያየው ሰው የሚያስታውሰው ማስፈራቱን ነው። ቶልኪን ግን ያ ረግረግ ከሶም በኋላ ለነበረው የሰሜን ፈረንሳይ ምድር ባለዕዳ መሆኑን ጽፏል። ጌታውን በትከሻው ተሸክሞ ተራራ የሚወጣው አትክልተኛው ሳምም አብረውት ከዘመቱት ተራ ወታደሮችና መኮንን አገልጋዮች የተቀዳ ነው። ለእኔ የሦስቱ ፊልሞች እውነተኛ ጀግና ሳም ነው፤ ብዙ አድናቂዎችም የሚስማሙ ይመስለኛል።

በሕመም ፈቃድ ላይ ሳለ 'የጎንዶሊን ውድቀት' የተባለውን ታሪክ ጻፈ። በከተማይቱ ላይ የሚዘምቱት በሆዳቸው ወታደር የጫኑ የብረት ዘንዶዎች ናቸው። ታንክ በዓለም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለውጊያ የዋለው በዚያው በሶም፣ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነበር። በዚህ ጊዜ ኢዲት በዮርክሻየር ጫካ ነጫጭ አበቦች መካከል ጨፈረችለት፤ ከዚያች ቅጽበት ለሟች ሰው ስትል ዘላለማዊነቷን የተወችው የሉቲየን ታሪክ ተወለደ። በፊልሙ አርዌንና አራጎርን የሚደግሙት ይህንኑ ፍቅር ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ኑሮው የመምህር ኑሮ ሆነ። በኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሠራ፤ በሊድስ አስተማረ፤ በ1925 በኦክስፎርድ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ሆነ። ከላይ የጠቆምነው ክር እዚህ ጋ ይገኛል። ቶልኪን በ1932 እና በ1934 በሁለት ክፍል ያሳተመው ጥናት ስለ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ጥንታዊ እንግሊዛውያን ኢትዮጵያውያንን ይጠሩበት ስለነበረው ሲግልዋራ ስለሚባል ቃል። ኢትዮጵያዊ በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች የራሳቸውን ስም ከየት አመጡት? የቃሉ የመጀመሪያ ክፍል ፀሐይን፣ እንዲሁም ዕንቁን ያመለክታል። ሁለተኛውን ክፍል ከፍም ጋር አያያዘው። ስሙ ለኢትዮጵያውያን ከመሰጠቱ በፊት ፊታቸው እንደ ጥላሸት የጠቆረ፣ ዓይናቸው የሚነድ የእሳት ፍጡራን መጠሪያ ሳይሆን አልቀረም ሲል ገመተ። አንዳንድ ተመራማሪዎች በመጀመሪያው ፊልም ጋንዳልፍ በድልድይ ላይ የሚጋፈጠው ባልሮግ፣ ያ ጥላና ነበልባል ለባሽ ፍጡር፣ መልኩን በከፊል ከዚህ ጥናት እንዳገኘ ያምናሉ። ባልሮግ ቀድሞም በጎንዶሊን ታሪክ ውስጥ ነበርና ጥናቱ ምንጩ ሊሆን አይችልም፤ ቢያደምቀው ነው።

ሩቅ አገር ያለን ሕዝብ የእሳት ጋኔን ስም መስጠት የሚያስደስት አይደለም። በእርግጥ ግምቱ ስለ ጥንታዊ እንግሊዛውያን እንጂ የቶልኪን እምነት አልነበረም። ሆኖም በልብ ወለዱም በፊልሞቹም የጨለማው ጌታ ጭፍሮች ከደቡብና ከምሥራቅ መምጣታቸው ለጥቁር አንባቢ የሚቆረቁር ነገር አለው። በሌላ ወገን በ1938 አንድ የጀርመን አሳታሚ የዘር ሐረጉን ሲጠይቀው በቁጣ መልስ ጽፏል። በ1959 ከማስተማር ሲሰናበት ባደረገው ንግግርም የተወለደባት አገር የምትከተለውን አፓርታይድን እንደሚጠላ ተናግሯል። በመጽሐፉ ሳም አንድ የደቡብ ወታደር ሞቶ ሲያይ፣ ይህ ሰው በእውነት ክፉ ነበርን ወይስ ተታልሎ ከቤቱ ወጣ ብሎ ያስባል። ይህ ሐሳብ በሁለተኛው ፊልም የተራዘመ ቅጂ ውስጥ በፋራሚር አንደበት ገብቷል።

'ዘ ሆቢት' በ1937 ታተመ። አሳታሚው ረቂቁን እንዲያነብ የሰጠው ለአሥር ዓመት ልጁ ለሬይነር ነበር፤ ክፍያው አንድ ሽልንግ። ተከታዩን ለመጻፍ ግን 12 ዓመት ፈጀ። 'ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ' በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ወጣ። ሦስት የሆነው በታሪኩ ጠባይ ሳይሆን ከጦርነቱ በኋላ ወረቀት ውድ ስለነበር ነው። የፊልም ባለሙያዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ሦስት ፊልም መሥራታቸው መጻሕፍቱ ሦስት ስለነበሩ ነው፤ እንግዲህ ለተከታታዩ ቅርጽ የወረቀት ዋጋ ባለውለታ ነው ማለት ይቻላል።

ቶልኪን ተረትና መድረክ አይስማሙም ብሎ ያምን ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካ የመጣለትን የፊልም ረቂቅ በትችት ሞላው፤ በተለይ ተጓዦቹን በየምክንያቱ በንስር ማሳፈር አናደደው። አቋሙ ግልጽ ነበር፦ ወይ ታሪኩ ይከበር፣ ወይ ገንዘቡ የሚያካክስ ይሁን። በ1969 መብቱን ለዩናይትድ አርቲስትስ ሸጠ። ኢዲት በ1971 አረፈች፤ እሱ በሴፕቴምበር 1973 በ81 ዓመቱ ተከተላት። በኦክስፎርድ መቃብራቸው ላይ ከስማቸው ሥር ሉቲየንና ቤረን የሚሉ ስሞች ተቀርጸዋል።

በፒተር ጃክሰን ዳይሬክተርነት በኒው ዚላንድ የተሠሩት ፊልሞች ከ2001 እስከ 2003 ለዕይታ በቁ። ሦስተኛው በታጨባቸው 11 ዘርፎች ሁሉ ኦስካር ወሰደ። በመጽሐፉ አንድ ምዕራፍ የሆነው የሄልምስ ዲፕ ውጊያ በሁለተኛው ፊልም ላይ ነግሧል፤ ሌጎላስ ጋሻ ላይ ቆሞ በደረጃ ሲንሸራተት የሶም ምሽግ ጨርሶ ይረሳል። በኋላ አነስተኛዋን 'ዘ ሆቢት'ን ወደ ስምንት ሰዓት ለሚጠጉ ሦስት ፊልሞች መለጠጥማ አድናቂንም ያደክማል።

ትልቁ ልዩነት ግን መጨረሻው ላይ ነው። በመጽሐፉ ሆቢቶቹ ሲመለሱ አገራቸው ተዘርፋ፣ ዛፎቿ ተቆርጠው ያገኟታል፤ ለእሷም ይዋጋሉ። ፊልሙ ይህን ትቶታል። በምትኩ አራቱ ጓደኛሞች በመንደራቸው መጠጥ ቤት ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ዙሪያቸው ይሳሳቃል፤ ማንም ከየት እንደመጡ አይጠይቃቸውም። ምንም ሳይናገሩ ጽዋቸውን ያነሣሉ። መጽሐፉን በመቀየሩ ቅር የተሰኘ አንባቢም ይህን ትዕይንት ይቅር ይለዋል። ከበርሚንግሃሞቹ አራት ልጆች በሕይወት የተመለሱት ቶልኪንና በባሕር ኃይል ያገለገለው ዋይዝማን ብቻ ነበሩ።

ቶልኪን ሦስተኛ ልጁን በዋይዝማን ስም ክሪስቶፈር አለው። ክሪስቶፈር ፊልሞቹን አልወደዳቸውም፤ ዕድሜውን ያሳለፈው የአባቱን ረቂቆች በማደራጀት ነው። 'የጎንዶሊን ውድቀት'ን ራሱን ችሎ በመጽሐፍ መልክ ያሳተመው በ2018፣ በ93 ዓመቱ ነበር። አባቱ ከሶም ተመልሶ ታሪኩን ከጻፈው ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ነበር።