ጉልዬልሞ ማርኮኒና የአማተር ሬዲዮ

ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ከመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ጋር ብርቱ ክርክር ገጥመን ነበር። የማርኮኒ ስም በእኛ ግድግዳ ላይ ይውጣ ወይስ አይውጣ? ምክንያቱን ወደ መጨረሻው ታገኙታላችሁ። (ዓ.ም. ካላልኩ አቆጣጠሩ የአውሮፓ ነው።)

ማርኮኒ በ1874 ቦሎኛ፣ ኢጣሊያ ተወለደ። አባቱ ባለርስት፣ እናቱ የአየርላንድ ተወላጅ ነበሩ። የዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪ ሆኖ አያውቅም። ሄርትስ የተባለው ጀርመናዊ የሬዲዮ ሞገድ መኖሩን ማረጋገጡን ካነበበ በኋላ ግን ከጣሪያቸው ሥር ባለች ክፍል ሽቦና ባትሪ ሰብስቦ ሲነካካ ያድር ጀመር። አባቱ የጊዜ ማባከን መሰላቸው፤ እናቱ ደገፉት።

በ1895 ወንድሙ አልፎንሶ መቀበያውን ይዞ ከኮረብታ ጀርባ ሄደ። ምልክቱ ከደረሰ ጠመንጃ ሊተኩስ ተነጋግረዋል። እንዲያው ለመገመት ያህል፣ አንዱ ጣና ዳር ቆሞ ሌላው ከበዛዊት ኮረብታ ማዶ ቢሆን ማለት ነው፤ አይተያዩም። ማርኮኒ ቁልፉን ተጫነ። ተኩሱ ተሰማ! ዘዴው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አንዱን ሽቦ ከፍ አድርጎ መስቀል፣ ሌላውን መሬት ውስጥ መቅበር።

በ1896፣ አድዋ ላይ ድል ባደረግንበት በዚያው ዓመት፣ እንግሊዝ አገር ሄዶ ፓተንት ጠየቀ። በ1901 ከእንግሊዝ የተላከ የሞርስ ፊደል፣ ሦስት ነጥብ ብቻ፣ አትላንቲክን ተሻግሮ እንደሰማ አስታወቀ። በ1909 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

እሱን አይተው በየአገሩ ጣቢያ የሠሩ ወጣቶች አማተር ተባሉ። በእኛም አገር አዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ፣ ኢቲ3ኤኤ የሚባል የአማተሮች ጣቢያ ተቋቁሟል። መጀመር የሚፈልግ ከማዳመጥ ይጀምር፤ አጭር ሞገድ ያለው ሬዲዮና ከባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ የተዘረጋ ሽቦ ይበቃዋል። ለመላክ ግን የመንግሥት ፈቃድና የጥሪ ምልክት ግድ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ። ማርኮኒ በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። በ1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ሲወረን ለወረራው ጥብቅና ቆሞ በውጭ አገር ተከራከረ። ቢቢሲ እንኳ በሬዲዮ እንዲናገርበት አልፈቀደለትም፤ ሬዲዮን ለዓለም ያዳረሰው ሰው ማይክሮፎን ተከለከለ! ጓደኞቼ ይቅር ያሉት ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ሥራውም ጥፋቱም አንድ ወረቀት ላይ ይነበብ ብዬ ለጠፍኩት።

ሐምሌ 13 ቀን 1929 ዓ.ም. ሮም ውስጥ ሞተ። በብዙ አገር የሬዲዮ ጣቢያዎች ለሁለት ደቂቃ ዝም አሉለት። የካቲት 12 ቀን አዲስ አበባ ላይ የተጨፈጨፉት ወገኖቻችን ያን ጊዜ ገና አምስት ወራቸው ነበር።