10 ሺህ ጠመንጃ ቃል የገባው ሰው፦ ኢላይ ዊትኒ እና "ልክክ" የማለት ሕልም

የስልካችሁ ስክሪን ተሰብሮ ያውቃል? ጥገና ቤት ትወስዱታላችሁ፣ ልጁ ሞዴሉን ይጠይቃችኋል፣ ከመሳቢያ አዲስ ስክሪን ያወጣና ይገጥመዋል። በቃ! ሞረድ አንስቶ ጠርዙን ሲፍቅ አታዩትም። ያ ስክሪን የእናንተን ስልክ አይቶት አያውቅም፣ ግን ልክክ ይላል።

ዛሬ ይሄ ተራ ነገር ነው። ከ200 ዓመት በፊት ግን መንግሥታት ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱበት ሕልም ነበር። ገንዘቡ በብዛት የፈሰሰውም ጠመንጃ ላይ ነው። ብዙ መጻሕፍት ይህን ሕልም እውን አደረገ የሚሉት አሜሪካዊውን ኢላይ ዊትኒን ነው። ታሪኩ ግን እንደሚወራው ቀጥ ያለ አይደለም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 ሚስማር ሠሪው ልጅ

ዊትኒ ታኅሣሥ 8 ቀን 1765 ማሳቹሴትስ ውስጥ ዌስትቦሮ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ገበሬ ሲሆኑ ትንሽ የእጅ ሥራ ቤትም ነበራቸው። አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር የነጻነት ጦርነት ውስጥ ስትገባ ሚስማር ጠፋ። ያኔ ገና አሥራዎቹ ውስጥ የነበረው ልጅ አባቱ ሥራ ቤት ገብቶ ሚስማር እየሠራ መሸጥ ጀመረ። ጦርነቱ አልቆ ሚስማር ሲረክስ ደግሞ ወደ ሴቶች የባርኔጣ መርፌ ዞረ። ገበያው ምን እንደሚፈልግ ማሽተት ያውቅበታል።

ትምህርት የገፋው ዘግይቶ ነው። ከየል ኮሌጅ በ1792 ሲመረቅ 26 ዓመቱ ነበር። የአስተማሪነት ሥራ ፍለጋ ወደ ደቡብ ወረደና ጆርጂያ ውስጥ አንድ ትልቅ እርሻ ላይ በእንግድነት አረፈ። እዚያ የሁሉም ሰው ጭንቀት ጥጥ ነበር። አያቶቻችን በመዳመጫ ቁጭ ብለው ጥጥ ሲዳምጡ ያየ ሰው ችግሩን ያውቀዋል፤ ፍሬው ከጥጡ በቀላሉ አይላቀቅም። ዊትኒ በ1793 ፍሬውን ከጥጡ የሚለይ ማሽን ሠራ፣ በ1794 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ።

ሀብታም ሆነ ማለት ነው? አልሆነም። ማሽኑ ለመኮረጅ በጣም ቀላል ነበር። ገበሬዎቹ ራሳቸው እየሠሩ መጠቀም ጀመሩ፣ እሱ ደግሞ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተንከራተተ። በ1795 ኒው ሄቨን ያለው ሥራ ቤቱ ተቃጠለበት። ያገኛትን ገንዘብ ክርክሩ በላት።

ከሱ ኪሳራ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ጥጥ ትርፋማ ሲሆን ጥጥ የሚለቅም ጉልበት ተፈለገ። በ1790 አሜሪካ ውስጥ በባርነት የተያዙ ሰዎች ወደ 700 ሺህ ይጠጉ ነበር፣ በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ተጠግተዋል። የዚህ ሁሉ ምክንያት ማሽኑ ብቻ ነው ባይባልም ትልቅ ድርሻ አለው።

🔹 ጠመንጃ ሠርቶ የማያውቅ ጠመንጃ ሠሪ

1798 ደረሰ። ዊትኒ ዕዳ ውስጥ ነው። አሜሪካ ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት አፋፍ ላይ ናት፣ በቂ መሣሪያ የላትም። የገበያው ሽታ እንደገና መጣለት!

ሰኔ 14 ቀን 1798 ከመንግሥት ጋር ውል ፈረመ፦ 10 ሺህ ጠመንጃ፣ አንዱ በ13 ዶላር ከ40 ሳንቲም፣ በጠቅላላው 134 ሺህ ዶላር። ማስረከቢያው እስከ መስከረም 1800 መጨረሻ። የመንግሥት የራሱ ፋብሪካ፣ ስፕሪንግፊልድ ያለው፣ በ1795 ማምረት ሲጀምር በዓመቱ ያወጣው 245 ጠመንጃ ብቻ እንደነበር ስታስቡ ቁጥሩ ያስደነግጣል። ዊትኒ ደግሞ በሕይወቱ አንድም ጠመንጃ ሠርቶ አያውቅም። ፋብሪካም የለውም። ያለው ሐሳብና የቅድመ ክፍያው ገንዘብ ነው።

🔹 ሞረዱ ላይ ያለው ችግር

የዚያን ጊዜ ጠመንጃ ልቡ "ሎክ" የሚባለው ክፍል ነበር። ባልጩት የሚይዘው መዶሻ፣ ሞላዎቹ፣ ቃታው የሚነካው ብረት፣ ብሎኖቹ ሁሉ እዚያች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ይሰባሰባሉ። ቃታው ሲሳብ መዶሻው ይወርዳል፣ ባልጩቱ ብረት ይመታል፣ ብልጭታው ባሩዱን ይለኩሳል።

እነዚህ ብረቶች በጣም ከተጣበቁ አይንቀሳቀሱም። በጣም ከላሉ ይወዛወዛሉ፣ መሣሪያውም ይከሽፋል። ስለዚህ ጠመንጃ ሠሪው ምን ያደርጋል? ይገጥማል፣ ጠበበ ይላል፣ ያወጣል፣ በሞረድ ትንሽ ይፍቃል፣ መልሶ ይገጥማል። እንደገና ያወጣል፣ እንደገና ይፍቃል። ልክክ ሲል ብረቶቹ ከሌላ ጠመንጃ ብረት ጋር እንዳይቀላቀሉበት ምልክት ይመታባቸዋል። አንዱ ከአንዱ ጋር ተፋቅሯል እንግዲህ፣ ሌላ አይቀበልም።

ጦር ሜዳ ላይ ይሄ ምን ማለት ነው? የአንዱ ወታደር ሞላ ቢሰበር፣ የሌላው ደግሞ መዶሻ ቢሰበር፣ ከሁለቱ አንድ የሚሠራ ጠመንጃ ለማውጣት መፍታትና መግጠም ብቻ አይበቃም። ሞረድ ያለው ባለሙያ ካልተገኘ ሁለቱም ብረት ተሸካሚ ሆነው ይቀራሉ።

የዊትኒ ቃል እዚህ ላይ ነው። ብረቱን የሚቆርጠውና ቅርጽ የሚያስይዘው መሣሪያው ይሁን፣ የሠራተኛው እጅ አይሁን አለ። መሣሪያው ትክክል ከሆነ ልምድ የሌለው ሰው እንኳ አንድ ዓይነት ብረት ደጋግሞ ያወጣል። ሐሳቡ የመጀመሪያው የሱ አልነበረም። ፓሪስ ውስጥ ኦኖሬ ብላን የሚባል ጠመንጃ ሠሪ ቀድሞ ሞክሮታል፤ በ1785 ቶማስ ጄፈርሰን ሥራ ቤቱ ሄደው ከተደባለቁ ብረቶች ሎክ በራሳቸው እጅ ገጣጥመዋል። በጉዳዩ ልባቸው የተነካው ጄፈርሰን አገራቸው ሲመለሱ ነገሩን አልረሱትም።

🔹 የ1801 ትርኢት

ዊትኒ ከኒው ሄቨን ወጣ ብሎ ሚል ወንዝ ዳር ፋብሪካ መሥራት ጀመረ። ክረምቱ አዘገየው፣ ብረት አዘገየው፣ ሠራተኛ ማሠልጠኑ አዘገየው። መስከረም 1800 መጥቶ አለፈ። ያስረከበው ጠመንጃ ብዛት? ዜሮ።

ባለሥልጣናቱ ገንዘባችን የት ገባ ማለት ሲጀምሩ በጥር 1801 ዋሽንግተን ሄደ። ተሰናባቹ ፕሬዝዳንት ጆን አዳምስና ሊተኳቸው የነበሩት ጄፈርሰን ባሉበት፣ የተለያዩ ሎኮችን እየቀያየረ አንድ ጠመንጃ ላይ በካቻቪቴ ብቻ ገጠመ። ሞረድ የለም፣ መዶሻ የለም። ተመልካቾቹ ተደመሙ። ጄፈርሰን መቶ ሎክ ፈትቶ፣ ቀላቅሎ፣ መልሶ መግጠም ይቻላል ብለው አመኑ። ቀነ ገደቡ ተራዘመለት፣ ተጨማሪ ቅድመ ክፍያም ተሰጠው።

የመጀመሪያዎቹ 500 ጠመንጃዎች የቀረቡት በዚያው ዓመት መስከረም ነው። የመጨረሻዎቹ ደግሞ በ1809! ከስምንት ዓመት በላይ ዘግይቶ ማለት ነው። መንግሥት ግን አልተቆጣም፤ በ1812 ሌላ የ15 ሺህ ውል ሰጠው። ዊትኒ በ51 ዓመቱ አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ ጥር 8 ቀን 1825 ኒው ሄቨን ውስጥ በ59 ዓመቱ አረፈ። የመለዋወጫ አባት የሚለው ስምም አብሮት ቀረ።

🔹 ጠመንጃዎቹ ሲፈቱ

ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1960ዎቹ፣ ተመራማሪዎች የዊትኒን ጠመንጃዎች አንስተው ፈቱ። ውስጣቸው ምን ተገኘ? ብረቶቹ እያንዳንዳቸው ምልክት ተመትቶባቸዋል። አዎ፣ ያ የድሮው ጠመንጃ ሠሪ የሚመታው ምልክት! የአንዱን ብረት ወስዶ ሌላው ላይ መግጠምም አልሆነም። በሞረድ ተፍቀው የተገጠሙ ነበሩ።

ስለዚህ ያ የ1801 ትርኢት የቀረበው አስቀድሞ በጥንቃቄ በተዘጋጁ ናሙናዎች ነው ብለው የሚያምኑ የታሪክ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። በዛሬ ቋንቋ፣ ዴሞው ሠርቷል፣ ምርቱ ግን አልደረሰም።

🔹 ታዲያ ማን ሠራው?

ጆን ሆል የሚባል የሜይን ሰው። በ1811 ከአፈሙዙ ሳይሆን ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ፈጠረ። የፈጠራ መብት ቢሮውን የሚመሩት ሰው ሐሳቡ ቀድሞ የኔ ነበር ብለው ስለተከራከሩት መብቱን ተጋርቷቸዋል። ዕድል ከጅምሩ አልቀናውም።

የሆል ጠመንጃ ባሩድና ጥይት የሚጎርሰው ክፍል ብድግ የሚል ነበር፤ ስሙም "ሪሲቨር" ይባል ነበር። ይህ ክፍል ከአፈሙዙ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው ፈተናው። በጣም ከጠበበ ብረቱ ሲግልና ጥቀርሻ ሲይዝ ተጣብቆ አልነሳም ይላል። ከላላ ደግሞ እሳቱ በክፍተቱ ወደ ተኳሹ ያመልጣል። እዚህ ላይ ትርኢት አያዋጣም፤ ልኩ ካልሆነ ተኳሹ ፊቱ ላይ ያውቀዋል።

ሆል በ1819 ሃርፐርስ ፌሪ በሚባለው የመንግሥት ፋብሪካ 1,000 ጠመንጃ ለመሥራት ተዋዋለ። እያንዳንዱን ብረት የሚፈትሽ መለኪያ አዘጋጀ፤ መለኪያዎቹ ከ60 በላይ ነበሩ። ሥራ ላይ የሚውለው መለኪያ ሲበላ የሚታወቅበት፣ ከእጅ ርቆ የሚቀመጥ ዋና መለኪያም ነበረው። ደግሞ አንድ ብልህ ነገር አደረገ፦ የአንድን ብረት ልኬቶች በሙሉ ከአንዲት ነጥብ መለካት። ከጎን ወደ ጎን እየተንቀሳቀሱ ሲለኩ ትንንሽ ስህተት ይደማመራል፤ ከአንድ ነጥብ ሲነሱ ግን አይደማመርም።

ሥራው ዓመታት ፈጀ፣ ወጪው በዛ፣ ትችቱ ዘነበ። ከዚያ መርማሪዎች ተላኩ። ጠመንጃዎቹን ፈቱ፣ ብረቶቹን ቀላቀሉ፣ አዲስ እንጨት ላይ ገጠሙ። ገጠመ! በ1834 ደግሞ ኮነቲከት ውስጥ ሲሚየን ኖርዝ በሚባል ሌላ ሰው ፋብሪካ የተሠራው ብረት ከሃርፐርስ ፌሪው ጋር ተለዋወጠ። ሁለት ፋብሪካ፣ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ልዩነት፣ አንድ ልክ። የስልካችሁ ስክሪን ታሪክ ከዚህ ይጀምራል ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ሆል በ1841 ሞተ። ስሙን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ዊትኒ አጭበርባሪ ነበር ማለት ግን ይከብዳል። ጠመንጃዎቹን ዘግይቶም ቢሆን አስረክቧል፣ ፋብሪካ አቁሟል፣ መንግሥት በዚህ ሕልም ላይ ገንዘብ ማፍሰሱን እንዲቀጥል አሳምኗል። ምናልባት የሱ ትርኢት ባይኖር ኖሮ የሆልን የዓመታት ድካም የሚታገስ ባለሥልጣን ባልተገኘ ነበር። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፦ ዊትኒ ራሱ የመረጣቸውን ብረቶች ራሱ ገጠመ። የሆልን ግን ሌሎች ሰዎች ፈትተው፣ ቀላቅለው ገጠሙት።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቃሉን አስቀድሞ የሸጠው ነው ወይስ ቆይቶ የሠራው ነው መታወስ ያለበት? ሐሳባችሁን ጻፉልን። ቸር እንሰንብት።