ሸፋፋው ፋንጂዮ እና ለስላሳው ጎማ

አርጀንቲና ሲባል ለብዙው ኳስ አፍቃሪ ቀድሞ ትዝ የሚለው ማራዶና ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ባልካርሴ ከተማ የተወለደው ሁዋን ማኑዌል ፋንጂዮም በልጅነቱ ኳስ ይጫወት ነበር፤ «ሸፋፋው» የሚል ቅጽል ስም ያወጡለት የሜዳ ጓደኞቹ ናቸው። እንጀራውን ያገኘው ግን ጋራዥ ውስጥ ነው። ከመካኒክነት ተነስቶ አምስት ጊዜ የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን ሆኗል።

ትልቁ ገድሉ በ1957 ጀርመን ኑርበርግሪንግ ላይ የሠራው ነው። የፌራሪዎቹ ማይክ ሆውቶርን እና ፒተር ኮሊንስ ጠንከር ያለ ጎማ ገጥመው፣ ነዳጅ ሞልተው፣ 22ቱን ዙር ሳይቆሙ ሊጨርሱ ተነሱ። የ46 ዓመቱ ፋንጂዮ ደግሞ ማሴራቲውን ለስላሳ ጎማ አስገጥሞ ግማሽ ታንክ ብቻ አስቀዳ። ለስላሳ ጎማ መንገዱን ቆንጥጦ ይይዛል፤ ቶሎ ግን ያልቃል። ስለዚህ ቀሎ ርቆ ሄዶ መሀል ላይ ጎማ መቀየር ነበረበት።

30 ሰከንድ ገደማ እየመራ ለቅየራ ገባ። መካኒኮቹ ተንቀራፈፉና ሲወጣ ፌራሪዎቹ ከ45 ሰከንድ በላይ ቀድመውታል። ጨዋታው አለቀ ያሰኛል! እሱ ግን የሰዓት ሪከርዱን በየዙሩ እየሰባበረ መጥቶ በ21ኛው ዙር ሁለቱንም አለፋቸው፤ በ3.6 ሰከንድም አሸነፈ። አምስተኛውን ዋንጫ ያረጋገጠበት ይህ ውድድር የመጨረሻው የግራንድ ፕሪ ድሉ ነበር። በ1958 መሪውን ሰቀለ፤ በ1995 በ84 ዓመቱ አረፈ።