የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወትና የረጅም ሰው ጡንቻ

የሰው ልጅ ቁመቱን በአብዛኛው ከወላጆቹ ይወርሳል፤ ጡንቻውን ግን በላቡ ያገኛል። በየትምህርት ቤቱ እንደሚታየው አንዳንዱ ተማሪ በአንድ ክረምት እንደ ሸምበቆ ይመዘዛል። ሱሪው ያጥረዋል፣ ክንዱ ከእጅጌው ያልፋል፣ ጓደኞቹም ቅጽል ስም ያወጡለታል። እርሱም በዚህ አፍሮ ወይ ትከሻውን አጉብጦ ይሄዳል፣ ወይም በአንድ ወር ውስጥ ለመወፈር ሲል ከዓቅሙ በላይ ብረት ያነሣል። ለእንዲህ ያለው ወጣትና ለወላጆቹ ትምህርት ይሆን ዘንድ የስመ ጥሩውን ሯጭ የሻምበል አበበ ቢቂላን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን። አበበን ዓለም የሚያውቀው በእግሩ ነው፤ እኛ ግን ስለ ክንዱም እንናገራለን።

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ያን ዕለት በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሎምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። በልጅነቱ እንደ ባላገር ልጅ ሁሉ በደጋው ሜዳ ላይ እየሮጠና ገና እየተጫወተ አደገ። ጎልማሳ ሲሆን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ጦር ውስጥ በወታደርነት ተቀጠረ። እዚያም የስዊድን ዜጋ የሆኑት አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ተመለከቱት።

አበበ ቁመቱ 1 ሜትር ከ77 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ክብደቱ ግን ከ57 ኪሎ ብዙም አያልፍም ነበር። ሰውነቱን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ደካማ ነው ሳይል አይቀርም። ነገር ግን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ለሚሮጥ ሰው እያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚሸከመው ጭነት ነው። ስለዚህ የአበበ ልምምድ ሰውነቱን ለማወፈር ሳይሆን ልቡን፣ ሳንባውንና የእግሩን ጡንቻ ለረጅም ድካም ለማዘጋጀት የታቀደ ነበር።

የልምምዱም ፍሬ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ፣ በሮማ ከተማ ታየ። አበበ በባዶ እግሩ ሮጦ፣ በዚያን ጊዜ በሮማ ቆሞ በነበረው በአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲያልፍ ፍጥነቱን ጨመረ። የሞሮኮውን ሯጭ ራዲ ቤን አብደሰላምን ወደ ኋላ ትቶ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ቀዳሚ ሆነ። ይህም የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ እንደገና አሸነፈ። የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በተከታታይ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሩጫውን እንደ ፈጸመም ሣሩ ላይ ተንጋልሎ እግሩን እያወራጨ የሰውነት ማፍታቻ እንቅስቃሴ ሲሠራ ሕዝቡ በመደነቅ ተመለከተው።

በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን እግሩ ታሞ ስለ ነበር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ አቋረጠ፤ ድሉንም የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ተቀበለው። በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን አበበ ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን መኪና ተገለበጠች። የአከርካሪው ነርቭ ክፉኛ ተጎዳ። ዓለምን ያስደነቁት እግሮች ከዚያ ቀን ጀምሮ መንቀሳቀስ ተሳናቸው። ለሕክምናም ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ፤ በዚያም ስምንት ወር ያህል ቆየ።

እዚህ ላይ ስለ ጡንቻ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ጡንቻ የሚሠራው ከነርቭ ትእዛዝ ሲደርሰው ነው፤ ትእዛዙ ከተቋረጠ ይከሳል፤ የፈለገውን ያህል ብርታት ያለው ሰው ቢሆን በፈቃዱ ሊያዘው አይችልም። አበበ መጀመሪያ ላይ እጆቹን እንኳ ማዘዝ አቅቶት ነበር፤ እየቆየ ግን የክንዶቹ ኃይል ተመለሰለት። ከዚያ ወዲያ የእግሩን ሥራ ክንዱና ትከሻው መሥራት ነበረባቸው። ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ለመሻገር ሰው መላ አካሉን በሁለት እጁ ማንሣት አለበት፤ ረጅም ሰው ከሆነ ደግሞ የማይታዘዙትን ረጃጅም እግሮቹን ጭምር ነው። ለሩጫ ሲባል ቀጥኖ የኖረው የላይኛው አካል በ36 ዓመት ዕድሜ አዲስ ትምህርት ጀመረ።

በስቶክ ማንደቪል ሐኪሙ ሉድዊግ ጉትማን ስፖርትን የሕክምና ክፍል አድርገውት ነበር። በመጀመሪያው ውድድራቸው ላይ 16 ሕሙማን ቀስት ወርውረዋል። ቀስት ሲሳብ ጀርባ፣ ትከሻና ክንድ በአንድነት ይሠራሉ፤ ሚዛን መጠበቅም ይለመዳል። አበበም ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ ተማረ፤ በ1962 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ በተደረገው ውድድር ላይ ተካፈለ። በ1963 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ደግሞ በእንግድነት ተጋብዞ ወደ ኖርዌይ ሄደ፤ እንግድነቱ ሳያግደው ውሾች በሚስቡት የበረዶ ጋሪ እሽቅድምድም ገብቶ አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብ አልቅሶ በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ቀበረው።

ከዚህ ሕይወት ረጅሙ ተማሪ ምን ይማራል? አንደኛ፣ ጡንቻ ለሥራ እንጂ ለመስተዋት እንዳልተፈጠረ ይማራል። በጣና ዳር የሚኖር ሰው ለዚህ ምስክር ሩቅ አይፈልግም። የደንገል ታንኳ እየቀዘፈ ከዘጌ እስከ ባሕር ዳር እንጨት የሚያመጣ ሰው ጀርባውንና ትከሻውን ያጠነከረለት የዘወትር ሥራው ነው።

ሁለተኛ፣ ትዕግሥትን ይማራል። በጉርምስና ጊዜ አስቀድሞ የሚረዝመው አጥንት ነው፤ ጡንቻው የሚሞላው ዘግየት ብሎ ነው። ስለዚህ የ15 ዓመት ረጅም ልጅ ቀጭን መሆኑ በሽታ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ያልተፈጸመ እድገት ነው። ከዚህም ሌላ ረጅም ክንድ ረጅም ማንሻ ነው። አንድ ተማሪ ከክርኑ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው 36 ሳንቲ ሜትር ርቆ ባለ መዳፍ እኩል 5 ኪሎ ቢይዙ፣ ጡንቻቸው ከክርን እኩል ርቆ የተያያዘ እንደ ሆነ፣ የሁለተኛው ጡንቻ አንድ አምስተኛ ያህል ተጨማሪ ኃይል ማውጣት ይኖርበታል። አጭሩ ጓደኛው በቀላሉ የሚያነሣው ክብደት ቢከብደው ሰነፍ ነው አያሰኘውም። ደግሞም ያው አንድ ኪሎ ጡንቻ በረጅም አጥንት ላይ ሲዘረጋ ቀጠን ብሎ ይታያል። ረጅም ሰው ለውጡን በዓይኑ ለማየት ከአጭሩ የበለጠ ጊዜ መጠበቅ ግድ ይለዋል።

ሦስተኛ፣ ሥርዓትን ይማራል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን በመሬት ላይ በእጅ ተደግፎ ሰውነትን ማንሣት፣ በአግድም እንጨት ላይ ተንጠላጥሎ ወደ ላይ መሳብ፣ ቁጭ ብድግ ማለት ለጀማሪ ይበቃል። ጭነቱ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር፤ በመካከሉም ዕረፍት ይኑር። ረጅም ጀርባ ሲጎብጥ በቶሎ ይጎዳልና ክብደት የሚያነሣ ሁሉ ወገቡን አቅንቶ በጉልበቱ ይነሣ። የሰውነት ገንቢ ምግብም ሩቅ አይደለም፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው፣ እንቁላሉና ወተቱ በቤታችን፣ ቆሮሶውና አምባዛው በሐይቃችን አሉ። ሌሊት በቂ እንቅልፍ መተኛት ደግሞ ያለ ገንዘብ የሚገኝ መድኃኒት ነው። ጡንቻ በቶሎ ያሳድጋል እየተባለ የሚሸጠውን ኪኒንና መርፌ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወስድ ወጣት ልቡን፣ ጉበቱንና እድገቱን በገንዘቡ ይጎዳል።

ወላጆችና መምህራንም ድርሻ አላቸው። ረጅሙን ልጅ በቁመቱ ብቻ አይተው እንደ ሙሉ ሰው ሸክም ከማሸከም፣ ረጅሟንም ልጅ በቁመቷ እንድታፍርና እንድትጎብጥ ከማድረግ ይጠበቁ። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ አበበ ቢቂላ የተሰጠውን አካል አልናቀም፤ እግር በነበረው ጊዜ እግሩን፣ እግሩን ባጣ ጊዜ ክንዱን አሠለጠነ። እናንተም የተሰጣችሁን ቁመት ቀና አድርጋችሁ ያዙት፤ ጡንቻውን ሥራና ጊዜ ይጨምሩበታል።