በሌሊት ውስጥ የጸለየች ብላቴና
(የቅድስት ትሬዛ ዘሊዝዩ ሕይወት)

በዚህ ዕትም የሕይወት ታሪኳን የምናቀርብላችሁ በፈረንሳይ አገር ተወልዳ በሃያ አራት ዓመቷ ያረፈች አንዲት የካቶሊክ መነኵሲት ናት። ሥዕሏን ብዙዎቻችን አይተነዋል። ቡናማ ቀሚስና ነጭ ካባ ለብሳ፣ መስቀልና ጽጌረዳ ታቅፋ ፈገግ ስትል ነው የምትሣለው። ሥዕሉ ሐሰት ነው አንልም፤ ሆኖም ያ ፈገግታ በምን ዓይነት ሌሊት ውስጥ እንደ ነበረ አይነግረንም። እኛ ስለ እርሷ ለመጻፍ የተነሣነው ስለ አበባው ሳይሆን ስለ ሌሊቱ ነው። ከመካከላችን ጸሎቱ እንደ ድንጋይ የከበደበት፣ በቅዳሴ ቆሞ ልቡ ባዶ የሆነበት፣ እግዚአብሔር የሚሰማው የማይመስለው ወጣት ጥቂት አይደለምና። እንዲህ ያለው ወጣት ብዙ ጊዜ እምነቴ ጠፍቷል ብሎ ይደመድምና ለማንም ሳይናገር ቀስ በቀስ ከጉባኤ ይቀራል።

ትሬዛ ማርቲን በኖርማንዲ አውራጃ በአላንሶን ከተማ በጃንዋሪ 2 ቀን 1873 ተወለደች (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አባቷ ሉዊ ማርቲን ሰዓት ሠሪ፣ እናቷ ዜሊ ደግሞ በዳንቴል ሥራ የታወቁ ነበሩ። ከወለዷቸው ዘጠኝ ልጆች አራቱ በሕፃንነታቸው ሞተው አምስት ሴቶች ልጆች ብቻ ቀሩላቸው፤ ትሬዛ የመጨረሻዋ ናት። አራት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት፣ በኦገስት 1877፣ እናቷ በጡት ካንሰር ዐረፉ፤ አባትየውም ልጆቻቸውን ይዘው ዘመዶች ወዳሉበት ወደ ሊዝዩ ከተማ ተዛወሩ። ከዚያ በኋላ እንደ እናት ያሳደገቻት እኅቷ ፖሊን ነበረች። እርሷም በ1882 ወደ ቀርሜሎስ ገዳም ስትገባ ትሬዛ እናቷን ለሁለተኛ ጊዜ ያጣች ያህል ሆነባት። በቀጣዩ ዓመት በጠና ታመመች፤ የዳነችውም በእመቤታችን ሐውልት ፊት እንደ ሆነ ዕድሜዋን በሙሉ አመነች። እስከ ዐሥራ አራተኛ ዓመቷ ድረስ በትንሹም በትልቁም የምታለቅስ ልጅ ነበረች።

የቀርሜሎስ ማኅበር ሴቶች መነኮሳት በዝግ ገዳም የሚኖሩ ናቸው። በቀን ሁለት ሰዓት በዝምታ ይጸልያሉ፤ ሥጋ አይበሉም፤ በክረምትም በሊዝዩ ገዳም እሳት የሚነደው በአንድ ክፍል ብቻ ነበር። ትሬዛ እዚህ ለመግባት የተነሣችው ገና ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት ነው። የገዳሙ አለቃ የነበሩት ካህን ዕድሜዋ አልደረሰም ብለው ከለከሏት። ጳጳሱም ወዲያው አልፈቀዱላትም። በኖቬምበር 1887 ከአባቷና ከእኅቷ ከሴሊን ጋር ወደ ሮም ለመሳለም ሄደች። በኖቬምበር 20 ቀን ተሳላሚዎቹ ተራ በተራ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ ፊት ተንበርክከው ሲያልፉ ማንም እንዳይናገር ትእዛዝ ተሰጥቶ ነበር። እርሷ ግን እጇን በጉልበታቸው ላይ አድርጋ በዐሥራ አምስት ዓመቷ እንድትመነኵስ እንዲፈቅዱላት ለመነቻቸው። እርሳቸውም አለቆችሽ የሚሉሽን አድርጊ የሚል መልስ ሰጧት። እንደገና ስትለምን እግዚአብሔር ከፈቀደ ትገቢያለሽ አሏት፤ አልነሣ ስትል ዘበኞች ብብቷን ይዘው አስነሥተው ወሰዷት። እኛ ይህን ታሪክ የምንወደው ድፍረቷን ስለሚያሳይ ነው። ገራገርና አንገቷን የደፋች ብቻ አድርገው ለሚያስቧት ሰዎች ጥሩ መልስ ነው።

ፈቃዱ መጥቶ በአፕሪል 9 ቀን 1888 ገባች። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ጥማት ያላት ልጅ ከገባች በኋላ በደስታና በራእይ የተሞላች ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አልነበረም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ጸሎቷ ደረቅ ነበር። ለሱባዔ የሚሰበክላት ስብከት ብዙ ጊዜ ከማጽናናት ይልቅ አስጨነቃት፤ በጸሎት ሰዓትና ከቁርባን በኋላ በሚደረገው ምስጋና እንቅልፍ ይዟት ይሄድ ነበር። ስለዚህም ብታዝንም አልተሸበረችም፤ ልጅ ነቅቶም ተኝቶም ለወላጆቹ ያው የተወደደ ነው ብላ አሰበች። የምንኩስና መሐላዋን በሴፕቴምበር 8 ቀን 1890 ስትፈጽም በዋዜማው ሌሊት ጥሪ የለኝም የሚል ጥርጣሬ በድንገት ወደቀባት። ለጀማሪዎቹ መምህርት ነገረቻት፤ ለእመ ምኔቷም ተናገረች። እመ ምኔቷም ሳቀችባት እንጂ ሌላ አላደረገችም። ጥርጣሬው ግን ለመምህርቷ ተናግራ እንደ ጨረሰች ጠፍቶ ነበር።

በዚሁ ዘመን የአባቷ ነገር ከሁሉ ይብስ ነበር። ሉዊ ማርቲን አእምሯቸው ታውኮ በፌብሩዋሪ 1889 በካን ከተማ ወዳለው የአእምሮ ሕሙማን ቤት ተወሰዱ፤ ሦስት ዓመት ያህልም እዚያ ቈዩ። በከተማውም ሽማግሌው የታመሙት ልጆቻቸው እየተከታተሉ በመመንኰሳቸው ነው እየተባለ ይወራ ነበር። ይህ ሐሜት በገዳሙ ውስጥ ለነበሩት ልጆች ምን ያህል መራራ እንደ ነበረ መገመት አያቅትም። ወደ ዐሥራ ሰባትና ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ገደማ ያነበበችው መጽሐፍ የዮሐንስ ዘመስቀልን ነበር። ይህ በ16ኛው መቶ ዘመን የኖረ ስፔናዊ የቀርሜሎስ መነኵሴ የነፍስን ሌሊት ከሌላው ሁሉ ይልቅ ጠልቆ ያስተማረ ነው። ትምህርቱም ባጭሩ፣ እግዚአብሔር ነፍስን ወደ ራሱ ሲያቀርባት ጣዕሙን ይነሣታል፤ በስጦታው ሳይሆን በሰጪው እንድትጸና ነው የሚል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በ1896 ዓ.ም. ከጸሎተ ሐሙስ ወደ ዓርብ ስቅለት በሚያነጋው ሌሊት ትሬዛ እንደ ተኛች ሞቅ ያለ ነገር ወደ አፏ ሲወጣ ተሰማት። መብራቷን አጥፍታ ስለ ነበር ተነሥታ አላየችውም፤ በማግሥቱ ግን ደም ሆኖ አገኘችው። የሳንባ ነቀርሳ ነበር። በጊዜው መድኃኒት ያልነበረው በሽታ ቢሆንም ደስ አላት፤ ወደ ሰማይ የምትሄድበት ቀን የቀረበ መስሏታልና። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰማይ ለእርሷ እንደ ቤቷ ያለ ነገር ነበር። እግዚአብሔር የለም የሚል ሰው በእውነት መኖሩን እንኳ አታምንም ነበር፤ በአፋቸው ይላሉ እንጂ በልባቸው ያውቁታል ብላ ታስብ ነበር።

ያ ሁሉ በፋሲካ ሰሞን በጥቂት ቀናት ውስጥ ተገለበጠ። የሰማይ ሐሳብ ደስታዋ መሆኑ ቀርቶ የጦርነቷ ሜዳ ሆነ። በኋላ በ1897 ለእመ ምኔቷ በጻፈችው ደብተር ውስጥ ይህን ስትገልጽ፣ ጭጋግ በተሸፈነ አገር ተወልዶ ስለ ሩቅ ብሩህ አገር ሲነገረው የኖረን ሰው ትመስላለች። ጭጋጉ ወደ ነፍሷ ዘልቆ ገባና የዚያን ብሩህ አገር ምስል እንኳ ማየት ተሳናት። ልታርፍ ስትሞክር ጨለማው ራሱ ድምፅ አውጥቶ እየዘበተባት፣ ከሞት ወዲያ የሚጠብቃት ብርሃን ሳይሆን የባሰ ሌሊት፣ ባዶነት መሆኑን ይነግራት ነበር። ይህን ከጻፈች በኋላ ስድብ እንዳይሆንባት ፈርታ አቆመችው። ልብ በሉ፤ ይህ የጸሎት ድርቀት ብቻ አይደለም። ድርቀትንማ ለስምንት ዓመት ለምዳው ነበር።

አንዳንዶች ይህ የሕመሙ ነገር ነው ይላሉ። ሕመሙና ጨለማው በአንድ ሳምንት መምጣታቸው እውነት ነው፤ ሁለቱንም ለይቶ ማስቀመጥ የሚቻል አይመስለንም፤ የሚያስፈልግም አይመስለንም። ትሬዛ ራሷ አልለየቻቸውም። ይልቅስ ሌላ ነገር አስተዋለች። የማያምኑ ሰዎች በእውነት እንዳሉ አሁን በራሷ አወቀች፤ እንደ ጠላትም አላየቻቸውም። ራሷን በእነርሱ ማዕድ እንደ ተቀመጠች፣ የሐዘናቸውንም እንጀራ አብራቸው እንደምትበላ ቈጠረች፤ ለራሷና ለእነርሱም በአንድነት ምሕረት ለመነች። በዚያ ዘመን በፈረንሳይ አማኙና የማያምነው እንደ ሁለት ጦር ሰፈር ይተያዩ እንደ ነበር ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ምን አደረገች? ከድምፁ ጋር አልተከራከረችም፤ ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ክርስቶስ ትሮጥ ነበር። ጸሎተ ሃይማኖትን በገዛ ደሟ ጽፋ በልቧ ላይ ከምትይዘው ወንጌል ጋር አደረገችው። በአንድ ዓመት ውስጥ የፈጸመችው የእምነት ተግባር በዕድሜዋ ሁሉ ከፈጸመችው እንደሚበልጥ ተናግራለች። የቀረው ሥራዋ ግን ተራ ሥራ ነበር። ጀማሪዎቹን ታስተምር ነበር። በልብስ ማጠቢያው ቦታ አንዲት እኅት ሳታስተውል ቈሻሻ ውኃ ፊቷ ላይ ስትረጭባት ፊቷን ሳትጠርግ ትታገሥ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የምታስቸግራትን እኅት ባየቻት ቍጥር ፈገግ ትልላት ስለ ነበር፣ ያች እኅት ለይታ የምትወዳት መስሏት ነበር። ጤናዋ ደክሞ ሳለ በአትክልቱ ቦታ ስትራመድ እያንዳንዱን እርምጃ በሩቅ አገር ለደከመ ሰባኪ ታቀርብ ነበር። በዚያው ጊዜ ስለ ሰማይ ደስታ ግጥም ትጽፍ ስለ ነበር እኅቶቿ በብርሃን ውስጥ ያለች መሰላቸው። እርሷ ግን ማመን የምትፈልገውን ብቻ እንደምትዘምር ገለጸች።

በዚህ ላይ ሌላ ውርደት ተጨመረ። ሌዮ ታክሲል የሚባል ጸሐፊ የቤተ ክርስቲያን ጠላት ከነበረ በኋላ የተመለሰ መስሎ፣ ዲያና ቮን የተባለች ከሰይጣን አምላኪዎች ወጥታ የተመለሰች ሴት እንዳለች ያስወራ ነበር። የሊዝዩ ገዳምም ከሚያምኑት አንዱ ነበር። ትሬዛ ለዚች ሴት ጽፋ ነበር፤ እርሷ ራሷ በጻፈችው ተውኔት ዣን ዳርክን ሆና ስትጫወት እኅቷ ሴሊን ያነሣቻት ፎቶግራፍም ተልኮላት ነበር። በአፕሪል 19 ቀን 1897 ታክሲል በፓሪስ በሰው ፊት ቆሞ ሁሉም የገዛ ራሱ ፈጠራ እንደ ሆነ ተናገረ። ሴትዮዋ ፈጽሞ አልነበረችም። የትሬዛም ፎቶግራፍ በዚያ አዳራሽ ለሳቅ በግድግዳ ላይ ታየ። እምነቷ ከውስጥ በሚታገልበት ሰዓት ከውጭ እንዲህ መሳቂያ ሆነች። የዚያችን ሴት ደብዳቤ ቀዳ ከፍግ ጋር ጣለችው፤ ስለ ነገሩም ሌላ አልጻፈችም።

በጁላይ 1897 ወደ ሕሙማን ክፍል አወረዷት። በኦገስት 19 ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ቈረበች፤ ከዚያ በኋላ ሕመሙ ቁርባን እንኳ ከለከላት። የሥቃይ ማስታገሻ የሆነው የሞርፊን መርፌ አልተሰጣትም። እንዲህ በሚሠቃይ በሽተኛ አጠገብ መርዝነት ያለው መድኃኒት ማስቀመጥ እንደማይገባ እኅቷን አስጠነቀቀቻት፤ ሰው በዚያ ሥቃይ ራሱን ወደ ማጥፋት እንዴት እንደሚደርስ አሁን ገብቷታልና። ጨለማው አልተገፈፈም። አልፎ አልፎ ትንሽ ጮራ ብልጭ ትልና የቀረውን ይበልጥ ታጠቍረው ነበር። በሴፕቴምበር 30 ቀን 1897 ወደ ምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ዐረፈች። በአልጋዋ ዙሪያ የነበሩት እኅቶች እንደ መሰከሩት፣ በመጨረሻ ዓይኗን ወደ ላይ አቅንታ አንድ ጸሎተ ሃይማኖት በሚደርስበት ጊዜ ያህል ተመለከተች። ምን እንዳየች አልተናገረችም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1925 የቅድስና ማዕርግ ተሰጣት፣ በ1997 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ መምህርተ ቤተ ክርስቲያን ብለው ሰየሟት። ስሟን የወሰዱት የካልካታዋ እማሆይ ትሬዛም ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በተመሳሳይ ጨለማ እንደ ኖሩ በ2007 በታተሙት ደብዳቤዎቻቸው ታውቋል። እኛ ግን ስለ ደብተሯ አንድ ነገር ልንጨምር እንወዳለን። በ1898 በሁለት ሺህ ቅጂ ሲታተም ፖሊን በሺህ የሚቈጠር እርማት አድርጋበት ነበር፤ ትሬዛ ራሷ የጻፈችው እንደ ነበረ ወጥቶ የታየው በ1956 ነው። በዚያ ውስጥ የመጨረሻዎቹ መስመሮች በቀለም የተጻፉ አይደሉም። ብዕር ቀለም ውስጥ እየነከረች ለመጻፍ አቅም ስላጣች፣ በእርሳስ ጽፋቸዋለች።