የሮቤርቶ ሮሴሊኒ የሕይወት ታሪክ በአጭሩ

ሮቤርቶ ሮሴሊኒ በ1906 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ተወለደ፤ ከዚህ በታች የምጽፋቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አባቱ በሕንፃ ሥራ የከበረ ሰው ስለ ነበረ ልጁ በድሎት አደገ፤ ከትምህርቱ ይልቅም ሲኒማ ቤት ያዘወትር ነበር። የዚህን ሰው ታሪክ የመረጥሁት የኢጣልያ ሕዝብ በፋሺስት ዘመንና ከዚያም በኋላ ስለ ራሱ ያስበው የነበረው ነገር በፊልሞቹ ስለሚታይ ነው። ነገሩ እኛንም በቀጥታ ይነካል።

ሙሶሊኒ ሲኒማ ከመድፍ የማያንስ መሣሪያ መሆኑን ስላመነበት በ1937 ዓ.ም. በሮማ ቺኔቺታ የተባለውን ታላቅ የፊልም መሥሪያ ከፈተ። ልጁ ቪቶሪዮ አገራችንን በቦምብ ከደበደቡት አውሮፕላን ነጂዎች አንዱ ነበር፤ ወደ አገሩ ተመልሶ በፊልም ሥራ ተሰማራ። በ1938 ዓ.ም. በእርሱ የበላይ ተቆጣጣሪነት «አውሮፕላን ነጂው ሉቺያኖ ሴራ» የሚባል ፊልም ወጣ። ይኸውም በኢትዮጵያ ጦርነት ላይ ልጁን ሲያድን የሚሞተውን ኢጣልያዊ እንደ ጀግና የሚያሳይ ነው። ድርሰቱን ከጻፉት አንዱ ሮሴሊኒ ነበር። ፊልሙም በቬኒስ በሙሶሊኒ ስም የተሰየመውን ዋንጫ ተሸለመ። ከ1941 እስከ 1943 ዓ.ም. ደግሞ ሮሴሊኒ ራሱ ለመንግሥቱ ጦርነት የሚያገለግሉ ሦስት ፊልሞች አዘጋጀ።

በ1943 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ ጀርመኖች ሮማን ይዘው ዘጠኝ ወር ያህል አስጨነቋት። ከተማይቱ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በሰሜን ኢጣልያ ውጊያው ገና ሳይቆም፣ በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ሮሴሊኒ «ሮማ ክፍት ከተማ» የተባለውን ፊልም ጀመረ። ቺኔቺታ የስደተኞች መጠለያ ሆኖ ስለ ነበረ ብዙውን በመንገድ ላይ አነሣው። በፊልሙ ውስጥ አንድ የካቶሊክ ቄስና አንድ ኮሙኒስት ጠላትን አብረው ይቃወማሉ። በእውነትም በዚያ ጊዜ የሁለቱ ወገን ፓርቲዎች በአንድ መንግሥት ውስጥ ነበሩ፤ በ1947 ዓ.ም. ግን ተለያዩ። አና ማኛኒ የምትጫወተው ፒና እጮኛዋን ጭኖ የሚሄደውን መኪና እየሮጠች ስትከተል በጥይት ተመትታ ትወድቃለች። ይህን አይቶ የማያዝን ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሆኖም አንድ ነገር ይከነክነኛል። ቄሱ በሚረሸንበት ጊዜ የኢጣልያ ወታደሮች ሆን ብለው ይስቱታል፤ የሚገድለው ጀርመናዊው መኰንን ነው። እንግዲህ የኢጣልያ ሕዝብ በዚህ ፊልም ራሱን ያየው እንደ ተበዳይ እንጂ እንደ በዳይ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው «ፓይዛ» ከሲሲሊ እስከ ፖ ወንዝ ድረስ ስድስት ታሪኮች ሲተርክ ስለ ኢትዮጵያ ጦርነት የሚናገር አንድም የለበትም። የሉቺያኖ ሴራን ታሪክ ለጻፈ ሰው ይህ ዝምታ ቀላል አይመስለኝም።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው በ1948 ዓ.ም. የወጣው «ጀርመን፣ ዓመት ዜሮ» ነው። በፈራረሰችው በርሊን የሚኖር ኤድሙንድ የሚባል ልጅ፣ ደካማ ሰው መጥፋት አለበት የሚለውን የናዚ ሐሳብ ከቀድሞ አስተማሪው ሰምቶ ለበሽተኛ አባቱ መርዝ ያጠጣል። ሮሴሊኒ ፊልሙን በ1946 ዓ.ም. ለሞተበት ልጁ ለሮማኖ መታሰቢያ አደረገው።

በ1950 ዓ.ም. ኢንግሪድ በርግማን የተባለችውን የስዊድን ተዋናይ አገባ፤ ጋዜጦችም ከሥራው ይልቅ ስለ ጋብቻው ብዙ ጻፉ። በኋላ ሲኒማን ትቶ ለቴሌቪዥን የታሪክ ፊልሞችን ይሠራ ጀመር፤ በ1966 ዓ.ም. ስለ ፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የሠራው የታወቀ ነው። በ1977 ዓ.ም. በካን የፊልም በዓል የዳኞች ሊቀ መንበር ሆኖ ከሠራ በኋላ፣ ጥቂት ቀናት ቈይቶ በተወለደበት ከተማ በ71 ዓመቱ ሞተ።